ከቆብ በኋላ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አያቴ አንድ መጣጥፍ ጽፌ ነበር። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ብዕሬን መሞከር የጀመርኩበት ጊዜ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያልከተትኩት የቤት ዕቃ አልነበረም። ምድጃ አለ፣ ጀበና አለ፣ እንዝርት አለ፣ በጭስ የጠየመ ግድግዳ አለ። ከምድጃው ዳር ደግሞ ተረት የምታወራ፣ የምትመርቅ፣ እንባዋ ቅርብ የሆነ አሮጊት አለች። ያነበቡት ወዳጆቼ «አያቴን አስታወስሽኝ» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከየት ይመጣል ብዬ።

ወግዲ ስገባ መጽሔቱን ይዤ ገባሁና ለባለጉዳይዋ አነበብኩላቸው። እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አዳመጡኝ። ስጨርስ ዝም አሉ። ቆይተው፦

«ይቺ ሴትዮ ማናት?»

«አንቱ ነዎት እንጂ!»

«እኔ እሳት ዳር የተቀመጥኩት መች ነው? እሳት ዳር የምትቀመጡትማ እናንተ ነበራችሁ። እኔ ቆሜ ነው የኖርኩት።» ጥቂት አሰብ አደረጉና ጨመሩ፤ «ደሞስ መሬቴ? ስለ መሬቴ አንድ ቃል የለውም ወይ ወረቀቱ?»

እስካሁን በጻፍኳቸው ነገሮች ላይ ከተሰነዘሩት ሂሶች ሁሉ ከባዱ ይኸው ነው። የሰነዘሩት ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የማደርገው ሌላ ነገር አይደለም፤ ያንን ሂስ ከእኔ መጣጥፍ ላይ አንስቼ በጠቅላላው የፈጠራ ሥራችን ላይ ልሞክረው ነው። አሮጊቶቻችን በመጻሕፍታችን ውስጥ ምን ያደርጋሉ? ቆመዋል ወይስ ተቀምጠዋል? መሬታቸውስ የት ገባ?

* * *

ወግዲን ለማያውቅ አንባቢ፦ አገሩ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ከደሴ ተነስቶ መካነ ሰላምን አልፎ ለመጣ መንገደኛ ወሎ እዚያ ያበቃል። ከአፋፉ ሥር አባይ፣ ከአባይ ማዶ ጎጃም ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቀዬ፣ በአንድ ገበያ ይኖራል።

አያቴ ቆብ የጫኑት ባላቸው ከሞቱ በኋላ፣ ስድሳን ተሻግረው ነው። እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ባልቴቶች ገዳም አልገቡም። መነኩሲት ሆነው በገዛ ቤታቸው ተቀመጡ። ያን ሰሞን የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ትርጉማቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንደኛው የቋንቋ ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ «ነይ፣ ሂጂ፣ አቅርቢ» ይሏቸው የነበሩ የባላቸው ወንድሞች ሳይቀሩ በማግሥቱ «አንቱ» አሏቸው። ስማቸውም ተረሳ፤ «እማሆይ» ሆኑ። አርባ ዓመት ሙሉ ያገለገሏቸው ሰዎች ያልሰጧቸውን ማክበሪያ አንዲት ጨርቅ በአንድ ሌሊት ሰጠቻቸው። ግሡ ተለወጠ። ግሥ ሲለወጥ ደግሞ ብዙ ነገር ይለወጣል፤ «አንቱ» የተባለ ሰው በሸንጎ ላይ ንግግሩ አይቆረጥም፣ ወዴት እንደሚሄድ አይጠየቅም።

ሁለተኛው የመሬት ነገር ነው። አጎቶቼ መጡና «እንግዲህ እናታችን ዓለም በቃኝ ብለዋል፤ መሬቱን እንከፋፈል» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ለእነርሱ ቆብ ማለት የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ነገር ግን በአማራ ክልል በ1990ዎቹ የመሬት ምዝገባ ከተጀመረ ወዲህ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የሚስትም ስም ከባል ስም ጎን ይጻፍ ነበር። እማሆይ ደብተሩን ከሳጥን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝና «በይ ስሜን ጮክ አድርገሽ አንብቢላቸው» አሉ። አነበብኩ። ከዚያ እርሳቸው ተናገሩ፦ «ዓለምን ተውኩ እንጂ መሬቴን መች ተውኩ!»

መሬቱን ለአንድ ጎልማሳ የእኩል ሰጡ። ከሚደርሳቸው እህል ከፊሉን ሸጠው መካነ ሰላም ለትምህርት ስሄድ የቤት ኪራዬን ቻሉ። ሊያጩኝ የመጡትን ሽማግሌዎች የመለሷቸውም እርሳቸው ናቸው፤ አባቴ አፉን ሳይከፍት። በየዓመቱ መስከረም 21ን ግሸን ማርያም ለመዋል ስንቃቸውን ቋጥረው ይነሳሉ፤ ሲያሻቸው ወደ ተድባበ ማርያም ይሻገራሉ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከገበያ ያለፈ መንገድ አያውቁም ነበር።

ይህ የቆብ ብቻ ወግ እንዳይመስል ልጨምር። ቆብ የማይጭኑት የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የራሳቸው በር አላቸው። በወሎ ዱበርቲ የሚባሉት እናቶች ዕድሜያቸው ሲገፋና ቤታቸው ሲቃለል ለዱዓ ይጠራሉ፤ ጫት ተቆርጦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ወዳጃው ሲቀመጥ የሚያስጀምሩትና የሚያሳርጉት እነርሱ ናቸው። የታመመው፣ መካኗ፣ ዝናብ የጠፋበት ገበሬ ሁሉ ደጃቸውን ይጠናል። ሃይማኖቱ ይለያይ እንጂ የአገሩ ስሌት አንድ ነው፤ ሴት ልጅ ከባል፣ ከምጥና ከጓዳ ስትፈታ ሥራዋ ይጀምራል።

* * *

ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። ሩቅ አንሄድም፤ ከወግዲ አፋፍ ማዶ በሚታየው በጎጃም ምድር የሚካሄደውን፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። ከዚያ መጽሐፍ የምንማረው ነገር ማለቂያ የለውም። ይሁንና በእማሆይ ጥያቄ እንፈትሸው።

መጽሐፉ ሲከፈት ውድነሽ በጣሙን እናገኛለን። ባሎቿ እየሞቱባት የሰው አፍ የገባች፣ ወንድ ሁሉ የሚፈራት፣ ግን ቤት ንብረቷን ይዛ የምትኖር ሴት ናት። ቦጋለ መብራቱን ለማግባት የደፈረችው ያ ሁሉ ከደረሰባት በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ በዘመናዊው ልብ ወለዳችን ደጃፍ ላይ የቆመችው ሴት ወጣት አይደለችም! ወሬን ንቃ፣ ዕድሏን በገዛ እጇ ዳግም የሞከረች ሴት ናት። ግን ምን ይሆናል? በዛብህን ትወልዳለች፤ ከዚያ ታሪኩ ልጇን ተከትሎ ይነጉዳል። ውድነሽ ልጇን ለማምጣት ነበር የተፈለገችው። እንደ አገልግሎቷ ሁሉ አገልግላ ከመድረኩ ትወርዳለች።

የመጽሐፉን መጨረሻም እንይ። ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ጠፍታ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ የተጓዘች ቆራጥ ሴት ናት። በመጨረሻው ትመነኩሳለች፤ በበዛብህ መቃብር አጠገብ ትኖራለች። ስንቶቻችን ነን እዚያ ገጽ ላይ ያለቀስን! እኔም አልቅሻለሁ። ግን ደራሲው ለሰብለ የጫነላት ቆብ ከመቃብር ጋር የታሰረ ነው። የእርሷ ምንኩስና የፍቅር ሐዘን መቋጫ ነው እንጂ የሌላ ሕይወት መግቢያ አይደለም። ርእሱ ራሱ «እስከ መቃብር» ይላልና ደራሲውን አልከስም፤ የጻፈው የፍቅርን አሳዛኝ ታሪክ ነው። ክሴ ከእርሱ በኋላ በመጣነው ላይ ነው። ያንን መጨረሻ ከአንድ መጽሐፍ ላይ ወስደን የሴት ዕድሜ ሁሉ መደምደሚያ አደረግነው። ሴት ባለታሪካችን ምን እንደምናደርጋት ሲጠፋን እንድትሞት እናደርጋለን፤ ካልሞተች ትመነኩሳለች። ሁለቱም ለኛ አንድ ናቸው።

ለየት ያለ የለም ማለቴ አይደለም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ወይዘሮ አሰጋሽን ሰጥቶናል። ባለርስት ናት፤ ቤቷን ታዛለች፤ ከምድጃ ዳር ተቀምጣ የምታለቅስ አይደለችም። ያም ሆኖ በመጽሐፉ ውስጥ የቆመችው ለአሮጌው ሥርዓት ምሳሌ ሆና ነው፤ አዲሱ ሐሳብ የሚመጣው ከወጣቱ አፍ ነው። እንግዲህ ሁለት ዓይነት አሮጊት አለችን ማለት ነው። አንዷ ታሳዝናለች፣ ሌላዋ ትገታለች። ሦስተኛዋን፣ በስድሳ ዓመቷ አዲስ ነገር የምትጀምረውን፣ አላገኘኋትም።

ለምን ይሆን? በበኩሌ የደረስኩበት ምክንያት ቀላል ነው። አብዛኞቻችን ጸሐፊዎች ከገጠር የወጣነው በልጅነታችን፣ ለትምህርት ነው። አያታችንን ትተናት የሄድነው ቁመታችን ወገቧ ላይ ሳይደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ከተማ ተቀምጠን ስለ እርሷ ስንጽፍ የምንጽፈው ያን ልጅ ያየውን ነው። ልጅ ደግሞ የሚያየው የሚበላውን፣ የሚሞቀውንና የሚነገረውን ተረት ነው። አያቱ ማታ እርሱን አስተኝታ ከጎረቤት ጋር ስለ ድንበር ስትሟገት አላያትም። እህሉ በስንት እንደተሸጠ አልሰማም። ስለዚህ በመጻሕፍታችን ያሉት አሮጊቶች እውነተኛ ሴቶች አይደሉም፤ የልጅነታችን የቤት ዕቃዎች ናቸው። ፍቅራችን እውነት ነው፤ ዓይናችን ግን አላደገም።

* * *

ቆብ መጨረሻ እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ ግሸን ልውሰዳችሁ። አያቴ በየዓመቱ የሚሳለሙት ያ ባለ መስቀል ቅርጽ ተራራ፣ ከሰማንያ ዓመት ገደማ በፊት አንዲት የአዲስ አበባ ወጣት በባዶ እግሯ ወጥታበት ነበር።

የውብዳር ገብሩ በ1916 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ እህታቸው የአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ ተመራጭ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከነቤተሰባቸው ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሙዚቃ አጠኑ። ወደ ሎንዶን ሄደው ለመማር የነበራቸው ዕድል ሲታጠፍባቸው ፒያኖውን ትተው ግሸን ወጡ። እዚያ መነኮሱ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባሉ። ፒያኖ በሌለበት ተራራ ላይ አሥር ዓመት ያህል ቆዩ።

በልብ ወለዳችን ሕግ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል። መጋረጃ ይወርዳል፤ አንባቢ ያለቅሳል። በእውነቱ ግን እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ከተራራው ከወረዱ በኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ በየደጁ ለምነው የሚማሩትን፣ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። ለእነዚህ ልጆች የምሰጠው ገንዘብ ከሌለኝ ሙዚቃዬን እሰጣለሁ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀረጹ፤ ገቢው ለተቸገሩ ልጆች ነበር። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያውያን ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ተቀመጡ። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 21ኛ ሆኖ በወጣው አልበም ነው። ያን ጊዜ የ82 ዓመት ሴት ነበሩ! በ2013፣ ዘጠና ሊሞላቸው ሲል፣ ለብዙ ዘመን በእጃቸው ጽፈው ያቆዩት ኖታ በመጽሐፍ ታተመ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ አረፉ። በእርጅናቸው መግቢያ፣ ከ53 እስከ 61 ዓመታቸው ባለው ጊዜ በካሴት የቀረጿቸው፣ በገዛ ድምፃቸው በአማርኛ የዘመሯቸው ዜማዎች ደግሞ ካረፉ በኋላ በ2024 ታተሙ።

ስለ እርሳቸው የተጻፈው ብዙ ነው። የውጭዎቹ ሐያስያን «ባዶ እግሯን የምትሄደው መነኩሲት» ብለው ይጀምሩና ወደ ሳቲ፣ ወደ ደቡሲ፣ ወደ ብሉዝ ይወስዷቸዋል። የእኛዎቹ ደግሞ የጽድቃቸውን ዜና አውርተን፣ ሻማ አብርተን እንቆማለን። አንዱ ወገን ብርቅ ነገር አደረጋቸው፤ ሌላው ሥዕል አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቀላቸው። ሁለቱም ወገን ቁጭ ብሎ ሥራቸውን ለማድመጥ አልተቻኮለም።

እስኪ እናድምጥ። ግራ እጃቸው እንደ ወንዝ እየተመላለሰ ይፈሳል፤ ቀኝ እጃቸው በላዩ ላይ እንደ ማሲንቆ ጣት ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል፣ ይጎትተዋል። ምት የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው ትንፋሽ ነው። ዜማው ከያዘው ሐሳብ በፊት አይጨርስም፤ ሐሳቡ ካለቀ ደግሞ አንዲት ድምፅ አይጨምርም። የአውሮፓው መሣሪያ ለአራቱ ቅኝቶቻችን የተሠራ አይደለም፤ እርሳቸው ግን ያናግሩታል። ከአራቱ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ምድር ስም የሚጠሩ ናቸው። ግሸንም ያለችው እዚያው አምባሰል ነው። የምናገረው እንደ አድማጭ ነው፤ በዚያ አሥር ዓመት ዝምታ ውስጥ የተከማቸ ነገር በጣቶቻቸው መዘግየት ውስጥ የሚሰማ ይመስለኛል። የወጣት ፒያኖ ተጫዋች መታየት ይፈልጋል፤ ጣቱ ይሮጣል። እማሆይ አይሮጡም። የሚያስመሰክሩት ነገር የላቸውም። ዕድሜ የሰጣቸው ጥበብ ይህ ነው፤ ጥበቡም በሃያ ዓመት ሊገኝ የሚችል አይደለም። «በዚያ ዕድሜያቸው እንኳ ይጫወታሉ» ሲባል የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። «እንኳ» ምን ይሠራል? በዚያ ዕድሜያቸው ስለሆነ እኮ ነው!

የግሸን መንገድ ሌላም ሰው ለውጧል። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ለበዓል ወጥተው በድርቅ የሞተች እናት አጠገብ የቀረ ሕፃን አገኙ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ሃያ አንድ ሆኑ። በዚህም ትዳራቸው ፈረሰ። አርባዎቹን አጋምሰው፣ ቤታቸውን አጥተው የጀመሩት ሥራ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ድረስ አርባ ዓመት ዘለቀ። የጋዜጦቻችን ማዕረግ «የአፍሪካዋ እናት ቴሬዛ» የሚል ነበር። ደግ ስም ነው፤ ግን ሴቲቱ ድርጅት መሪም ነበሩ፤ ገንዘብ ያፈላለጉ፣ ሠራተኛ የቀጠሩ፣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት የተሟገቱ። «እናት» ስንላቸው ይህን ሁሉ ድካም ከተፈጥሮ የመጣ አስመሰልነው። ይህም ያው ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ነው።

* * *

አሁን አንዳንድ አንባቢ «ጸሐፊዋ እርጅናን አሳመረችው» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፤ ስለዚህ ሌላውንም ገጽ ልግለጥ። ቆብ የጫነች ሁሉ አልተፈታችም። ደብተር ላይ ስሟ የሌለ፣ የሚያርስላት የጠፋ፣ ልጅ ያልደረሰላት መነኩሲት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ተቀምጣ ምጽዋት ስትጠብቅ የማያውቅ የለም። ለእርሷ ቆቡ ርሃቧን የሚያስከብር ሽፋን ነው። የዓይን ሞራ፣ የጉልበት ሕመም፣ ሐኪም ቤት መራቅ አለ። አያቴን ያቆማቸው መንፈሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ስማቸው የሰፈረባት አንዲት ገጽ ወረቀትም ናት። እማሆይ ጽጌ ማርያምም የከንቲባ ልጅ ነበሩ፤ ፒያኖ የደረሳቸው ከዚያ ቤት ስለወጡ ነው። ድፍረት መቆሚያ ይፈልጋል።

ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረው እንደሆነ እንጂ አያፈርሰውም። አሮጊቷን የምድጃ ዳር ጌጥ አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ የቅጥሩን ጥግ ለማኝም ማየት አይችልም። ሁለቱንም የሚያሳየው አንድ ጥያቄ ነው፦ በምን ትኖራለች? ማን ያርስላታል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? አያቴ የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር።

«ዕድሜ ለንስሐ ይስጥሽ» እንባባላለን። መልካም ምርቃት ነው። ነገር ግን ንስሐ ብቻውን ሠላሳ ዓመት አይሞላም። በስድሳ ዓመቷ የፈታች ሴት ከፊቷ ሌላ አንድ ሙሉ ዕድሜ ሊኖራት ይችላል፤ ያንን ዕድሜ የሞላችበትን ሥራ የሚጽፍ ብዕር እስካሁን አልተሳለም። ግሡ ከተለወጠ ቆይቷል። ባላገሩ «አንቱ» ካላት ዘመን የለውም። «አንቺ» ላይ የቀረነው እኛ ጸሐፊዎቹ ነን።

እማሆይ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ያንን የድሮ መጣጥፍ እንደገና መጻፍ ጀምሬያለሁ። ጀበናውን አውጥቼዋለሁ፤ ምድጃውንም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «መሬቱን የእኩል ሰጡ» የሚል ነው።